የዘነበች ወይራና የደሞዜ ቦይ

ዘነበች ስትቆጣ ድምጿ ጋፋት ድረስ ይሰማል ይሏታል። ይበሏት! ደብረ ታቦር ዳገት ላይ ቤት ሠርቶ፣ የላይኛው ጎረቤት ክረምት በመጣ ቁጥር የግቢውን ጎርፍ እየለቀቀበት አንገቱን ደፍቶ የሚኖር ሰው ካለ፣ እሱ ይምጣና ትዕግሥት ያስተምራት።

የላይኛው ጎረቤት ደሞዜ ነው። ቤቱን ሲያድስ የጎርፍ ቦዩን ወደ ዘነበች ጓሮ አዞረው። ጓሮው ውስጥ ሟች ባሏ ሙላቴ በተጋቡ ዓመት የተከላት ወይራ አለች። ልጅ አልወለዱም፤ ከሙላቴ እጅ የቀረቻት እሷ ብቻ ናት። ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወስዶ የወይራዋ ሥር እንደ ከሲታ ሰው ጎድን ገጠጠ። "ቦይህን መልስ" ስትለው ደሞዜ "እሺ፣ ነገ" ይላል። የደሞዜ ነገ መቼ ነግቶ ያውቃል!

ዘንድሮ ዘነበች ጠላ ጠምቃ ደቦ ጠራች። ሰዎቹ ከወይራዋ በታች ድንጋይ ካቡ፤ ከካቡ ጀርባ አፈር ሞሉ፤ እሷም ዙሪያውን ጌሾና ጤና አዳም ተከለች። ግን ማግስቱ የሰኔ ሚካኤል ነበር። በሚካኤል ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ባገር ሰብል ላይ በረዶ ያወርዳል ይባላልና፣ ሁሉም ሥራውን ሳይመሽ ለመጨረስ ተጣደፈ። ካቡ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ሳይተውለት ቀረ። ያጣደፈቻቸውም ራሷ ዘነበች ናት። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይኼ ነው!

በሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ዝናቡ ወረደ። የደሞዜ ቦይ ጎርፉን ዘረገፈባት። ውሃው ከካቡ ጀርባ መውጫ አጥቶ ተጠራቀመ፤ አፈሩ ጭቃ ሆነ፣ ካቡ አበጠ፣ ወይራዋ ዘመም አለች። ዘነበች መቀነቷን አጥብቃ ዶማ አነሳችና፣ ውሃው እንዲወጣ የገዛ ካቧን መናድ ጀመረች።

"ኧረ በሚካኤል!" አለ ደሞዜ፣ ነጭ ጋቢውን እንደተከናነበ ከአጥሩ በላይ ቆሞ። "አገር ልታስፈጂ ነው እንዴ? በበዓል ዶማ?"

ዘነበች ቀና አለች። ጭቃው በፊቷ ይወርዳል።

"ያንተ ቦይ ክርስቲያን አይደለም እንዴ? እሱስ ዛሬ ለምን አላረፈም?"

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው መንገድ ላይ ቆመ። የንስሐ አባቷ አባ ገብረኪዳንም ጥላቸውን ዘርግተው ደረሱ።

"አባ፣ ይገሥጿት እንጂ!" አለ ደሞዜ።

አባ ጎርፉን አዩ፤ የዘመመችውን ወይራ አዩ። "በሬ ጉድጓድ ቢገባ በሰንበትም ቢሆን ይወጣል፣ ልጄ" አሉት። "ቦይህን መልስላት።"

"እሺ አባ፣ ነገ ጠዋት..."

ይቺን ስትሰማ የዘነበች ደም ፈላ። ዶማዋን እንደያዘች የደሞዜን አጥር ጥሳ ገባች። ማንም አልያዛትም። ቦዩ አፍ ላይ ቆማ አፈሩን ትቆፍር፣ ድንጋዩን ትወረውር ጀመር። ደሞዜ ሰው ሁሉ ሲያየው አፈረ። ጋቢውን ጥሎ እጁን ዘረጋ።

"በቃ፣ ስጪኝ፤ እኔ ልቆፍር።"

"አልሰጥም!" አለችው። "ዓመት በመጣ ቁጥር ሙላቴ የተከላት ስትሞት ቆመህ አይተሃል። አሁንም ቆመህ እይ!"

ደሞዜም ባዶ እጁን አገር እያየው ጭቃው ውስጥ ቆመ። ጎርፉ ታጥፎ በደሞዜ በራሱ ደጅ እስኪወርድ ድረስ ዘነበች ዶማውን አላስቀመጠችም።