ስለት አይመነዘርም

የመጀመሪያውን የተሻረ ብር ያመጣልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ያመጣልኝ ግን በንዴት ነው። ያኔ ከኃይሌ ጋርመንት ጀሞ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር። ረዳቶች ብሩን በቁመቱ አጥፈው በጣቶቻቸው መሀል ይሰኩታል። አንዱ ተሳፋሪ በግፊያው መሀል እንደዚያው አጥፎ የሰጠውን ወረቀት ወንድሜ ሳይፈታው ከሌሎቹ ጋር ሰካው። ማታ ለሾፌሩ ሒሳብ ሲያስረክብ ተፈታ። ዛየር ከሚባል፣ ስሙ ራሱ ከካርታ ከጠፋ አገር የመጣ ገንዘብ ነበር። የገዥው ፊት በነበረበት ቦታ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። ሰውየው ከሥልጣን ሲወርድ፣ አዲስ ገንዘብ እስኪታተም ድረስ ፊቱን ከአሮጌው ላይ እየበሱ ይገበያዩበት እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ዕለት ወንድሜ፣ ባገኘሁት ቁራጭ ላይ ሁሉ ግጥም መሞነጫጨሬን ያውቃልና፣ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ወረወረና «እንካ፣ ግጥም ጻፍበት» አለኝ።

ግጥም አልጻፍኩበትም። በቀዳዳው ቤታችንን አየሁበት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ አንድ መኝታ ቤት ናት፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ ሦስታችን የምንኖርባት። በቀዳዳው ውስጥ እናቴ ታየችኝ፤ ትምህርት ቤት ስታጸዳ የዋለችበትን ሽርጥ እያጠበች ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተሻረ ብር እሰበስባለሁ።

ብር ይሰበስባል ሲባል ሰው ሀብታም ይመስለዋል። እኔ የምሰበስበው ማንም የማይፈልገውን ነው። ሆቴል ከሚያጸዱ ሴቶች ለምኛለሁ። ከውጭ የመጣ ዕቃ ከሚያራግፉ ልጆች በሲጋራ ለውጫለሁ። ፖስታ ቤት አካባቢ ጨርቅ ዘርግተው ቴምብርና ሳንቲም የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ፣ መግዛት እንደማልችል ካወቁ በኋላ ጠርዙ የተቀደደውን፣ ቡና የፈሰሰበትን ይሰጡኝ ጀመር። የዩጎዝላቪያ ዲናር አለኝ፤ አገሩም የለ፣ ገንዘቡም የለ። የጣሊያን ሊሬ አለኝ። ዜሮዎቹ ከወረቀቱ ጠርዝ ሊወድቁ የደረሱ የዚምባብዌ ገንዘብ አለኝ። ሁሉንም ባለ ላስቲክ ገጽ በሆነ የሰርግ ፎቶ አልበም ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ፤ የማን ሰርግ እንደነበር አላውቅም፣ አልበሙን የገዛሁት ከቆራሌው ነው።

የዚምባብዌው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር በመዝገበ ቃላት ፈታሁት። ይህን ይዞ ለሚመጣ ሰው፣ በጠየቀ ጊዜ ልከፍል ቃል እገባለሁ ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለበት። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከዐሥረኛ ክፍል ስለሆነ ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የሆነ ነገር አስተምሮኝ ከሆነ ግን ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። ያን ያህል ዜሮ ቆሞ የሚመሰክርለት ውሸት ከዚያ በፊት አላነበብኩም ነበር።

እናቴ አልበሙን አትወደውም። የሞተ ነገር ቤት ውስጥ አይከማችም ትላለች። ወንድሜ ደግሞ የሙታን ባንክ ገዥ ብሎ ስም አወጣልኝ። ከሥራ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ገዥው፣ የሬሳ ምንዛሪ ዛሬ ስንት ገባ?» ይለኝና እናቴን ያስቃታል።

ረዳትነቱ አልገፋ ሲለው በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። እናቴ አላለቀሰችም። ልጄ በሰላም ከተመለሰልኝ ብላ ለገብርኤል ተሳለች። ከዚያ ወር ጀምሮ ደሞዟን ስትቀበል፣ ባንክ ቤት መስኮቱ ላይ ቆማ «አዲሱን ስጪኝ እባክሽ፣ የስለት ነው» እያለች ያልታጠፈ መቶ ብር ታወጣለች። የተጨማደደ ብር ለታቦት መስጠት ነውር ነው። ብሮቹን በነጠላ ቁራጭ ጠቀለለች፤ ጥቅልሉን በባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከተተች፤ ቆርቆሮውን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ከገብርኤል ሥዕል ሥር አኖረችው። ክዳኑ ሲገጥም ጧ ይላል። በየወሩ አንድ ጊዜ ያ ድምፅ ይሰማል፤ ጫማዋ ግን ያው የተለጠፈው ነበር።

ወንድሜ ማላዊ ላይ ተያዘ። ብዙ ቆይቶ በአንድ የእስር ቤት ጠባቂ ስልክ ደወለ፤ ቅጣቱ ከተከፈለ ይለቁታል፣ ካልተከፈለ እዚያው ነው። ሳል ይዞታል። አጠገቡ ይተኛ የነበረ የሆሳዕና ልጅ ሞቷል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረንና ስልኩ ተቋረጠ።

እናቴ በማግስቱ የጆሮ ጉትቻዋን ሸጠች። ዕቁብ የወጣላትን ሴት ደጅ ጠንታ ተራ አስለወጠች። ከሥራ ጓደኞቿ ተበደረች። ገንዘቡ እየተንጠባጠበ እስኪሞላ ድረስ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቆርቆሮው ከቁም ሣጥኑ አናት አልወረደም።

አንድ ቀን እራት ላይ ነገሩን እኔ አነሳሁት። በጣቴ እንኳ አልጠቆምኩም፣ ቀና ብዬ ቆርቆሮውን ብቻ አየሁ። ገባት።

«ያስፈታልኛል ብዬ ለገብርኤል የሰጠሁትን፣ ከገብርኤል እጅ ቀምቼ ልስጠው?» አለችኝ።

ስለት የተሳልክበት ነገር ያንተ መሆኑ ያኔውኑ አብቅቷል፤ አንተ ጠባቂው ብቻ ነህ። እናቴ ያደገችበት አገር ለስለት የተባለ በግ ቢሰበር እንኳ በሌላ አይተካም። ለእሷ ሌብነት መስሎ የታያት ነገር፣ ለእኔ የወንድሜ መውጫ ነበር። ሁለታችንም እንጀራችንን ጨረስን።

ቅጣቱ ተከፍሎ ወንድሜ ወጣና ጆሃንስበርግ ደረሰ፤ ከአገር ልጆች ጋር ትንሽ ሱቅ ውስጥ ገባ። መድረሱን የሰማች ዕለት እናቴ ስለቱ ሞልቷል ብላ ጥቅልሉን ቋጠረችው፤ ከዚያ ወዲህ አልጨመረችበትም። ሰው ሲመጣ ለእናቴ ሽቶና ሳሙና፣ ለእኔ የተሻረ ገንዘብ ይልካል። አንድ ጊዜ የማላዊ አሮጌ ክዋቻ ላከልኝ፤ እስረኛ ጓደኛው በመሰነባበቻ የሰጠው ነው። በላዩ ላይ በስክሪብቶ «ይሄ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ቀደም ብዬ እወጣ ነበር» ብሎ ጽፎበታል። እኔና እናቴ አብረን አነበብነው። እሷ ሳቀች። እኔ ቀና ብዬ ቁም ሣጥኑን አየሁ።

ከዚያ መስከረም ላይ የእኛም ብር ሊቀየር ነው ተባለ። ለቡ መብራት ኃይል ያለው ባንክ በር ላይ የቆመው ሰልፍ ከታክሲው ሰልፍ ጋር ይቀላቀልና፣ ጀሞ ሊሄድ የቆመ ሰው የብር መቀየሪያው ተራ ይደርሰዋል። ከፍራሽ ሥር፣ ከጤፍ ጆንያ ውስጥ ብር ወጣ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀው ነገር ለሰው የሚጠቅም መሰለኝ። አልበሙን እናቴ ፊት ዘረጋሁት። ዛየርን አሳየኋት፣ ዚምባብዌን አሳየኋት፤ ቀኑ ካለፈ የአንቺም እዚህ ነው የሚገባው አልኳት። ወረፋውን እኔ እይዛለሁ፣ ጥቅልሉን በእጄም አልነካውም፣ አንቺው ፈትተሽ አንቺው ትቋጥሪዋለሽ ብዬ ለመንኳት።

«ይሄ የነገሥታት ነው። ነገሥታት ይሻራሉ» አለች አልበሙን ወደ እኔ እየገፋች። «የኔ የገብርኤል ነው። ስለት አይመነዘርም።»

የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ነገሩን ከእኔ ይልቅ ቀለል አድርገው አዩት፤ ብሩ ቢቀየር ስለቱ አይቀየርም፣ ትቀይረው አሉ። ሮጬ መጥቼ ነገርኳት። ሽርጧን እየጨመቀች ሰማችኝና «እሳቸው መነኩሴ ናቸው፣ ልጅ መንገድ አልላኩም» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ዋናውን ነገረችኝ፤ ሳይመለስ ጥቅልሉን ከፈታችው፣ አይመለስም ብላ በእጇ መፈረሟ ነው።

ቀኑ አለፈ። ካለፈ በኋላ ሰፈርተኛው የተረሳ ብር እያገኘ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። የብሎካችን ዘበኛ ከአሮጌ ካፖርታቸው ኪስ ሃምሳ ብር አውጥተው «አንተ የሞተ ትገዛለህ አሉ» አሉኝ። ገዛኋቸው፤ በሻይ። ቤታችን ውስጥ፣ ከሥዕሉ ሥር፣ ከዚህ ሁሉ የበለጠ እንደሚገኝ ለማንም አልተናገርኩም።

ወንድሜ ባለፈው ዓመት ተመለሰ። ሱቁ ተዘርፎ ተቃጥሎ፣ የአገር ልጆች አዋጥተው በገዙለት ትኬት። ሳሉ አብሮት መጥቷል። ሰው ሊጠይቀው መምጣት ሲያቆም፣ አንድ እሑድ ከሰዓት እናቴ ወንበር ላይ ወጥታ ቆርቆሮውን አወረደች። እጇን ታጥባ ጠረጴዛው ላይ ነጠላውን ፈታች። ፊቷ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

«ይኸውልህ ያመጣህ» አለችው።

ወንድሜ ብሮቹን አነሳ። ጀርባቸው ላይ ያ ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰው ሰውዬ አለ፤ ያን ሁሉ ዓመት በጨለማ ውስጥ አጎንብሶ ምን ሲፈልግ እንደኖረ እንጃ። ወንድሜ በልማድ በቁመታቸው አጥፎ በጣቶቹ መሀል ሊሰካቸው ሲል እናቴ እጁን ያዘችው።

«አትጠፈው፣ የስለት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሄድክበት ወር ጀምሮ ነዋ፣ ልጄ።»

ሲያሰላ ይታየኛል፤ ሒሳብ ላይ ድሮም ፈጣን ነው።

«ማላዊ እያለሁ ይሄ እዚህ ነበር?»

«እሱ ነው እኮ ያስፈታህ» አለች። ከልቧ ነው። ለምን እንደጠየቃት እንኳ አልገባትም ነበር።

«ያስፈታኝ ጉትቻሽ ነው፣ እማ። ይሄማ ተኝቶ ነበር። እኔም ተኝቼ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ፣ ገዥው? ለአልበምህ አስቀርተኸው ነው?»

ለምኛት ነበር አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ እስኪያልፍለት ድረስ ሦስታችንም ብሮቹን እያየን ተቀመጥን።

እናቴ ግን ስለቷን ማስገባት ነበረባት። በገብርኤል ቀን አብሬያት ሄድኩ። ስለት መቀበያው ጠረጴዛ ጋ ስንደርስ ሁለት እጇን ዘርግታ ጥቅልሉን አስረከበች። የተቀበላት ጎልማሳ ፈታ አደረገውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ ይሄ እኮ ቀርቷል» አላት። ለእናንተ አይደለም ያመጣሁት አለችው። አልተቆጣም፤ ከኋላችን ሰው እየገፋ እንኳ ጊዜ ሰጣት። ልብሽን ተቀብሎሻል፣ ወረቀቱን ግን ይዘሽው ግቢ አላት። በሕይወቷ ለሰጠችው ነገር እንደዚያ በትሕትና እንቢ ያላት ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ትሕትናው ነው የሰበራት። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጥቅልሉን ጭኗ ላይ ይዛ፣ ረዳቱ «ሒሳብ» ባለ ቁጥር በሁለት እጇ ትጨብጠዋለች። ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ።

ቤት ስንገባ ጥቅልሉን አልበሜ ላይ አስቀመጠችው። «ያንተ ነው» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ስብስብ ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም፤ ያልታጠፈ፣ ጠረኑ ያልለቀቀ፣ አንዳንዱ ቁጥሩ ተከታታይ የሆነ። ላስቲኩ ውስጥ አላስገባሁትም። ከነነጠላው አልበሙ መጨረሻ ላይ፣ ክዳኑ እንዳይዘጋ አድርጎ ተቀምጧል።

እናቴና ወንድሜ አይጣሉም። ትናንት የተዋወቁ ሰዎች ናቸው የሚመስሉት፤ ጨው አቀብለኝ፣ እሺ። ሥራ አላገኘም፤ አሁን ደግሞ በዚያው መንገድ ሊሄድ ነው። ሲነግራት አትሂድ አላለችውም። ደሞዝ የተቀበለች ዕለት ግን ቆርቆሮውን አጥባ በረንዳ ላይ ስትደፋው አየሁ። ማታ አዲስ ነጠላ ቀደደች። ውስጡ ያስቀመጠችው አዲሱን ሁለት መቶ ብር ነው፤ ያልታጠፈ።

ወንድሜ ልብሱን እየሸከፈ ነበር። ቆመ።

«እማ» አላት፣ እንደ ልጅነቱ ነው የጠራት። «ስለቱን በእጄ ስጪኝ። ብያዝ እወጣበታለሁ። ስመለስ እኔው ራሴ ለገብርኤል እከፍለዋለሁ፣ ቃሌ ነው።»

እናቴ ብዙ አየችው። እጇ ቆርቆሮው አፍ ላይ ነበር፤ ለአፍታ ጣቶቿ ወደ ውስጥ የገቡ መሰለኝ።

«ስለት በእጅ አይሰጥም፣ ልጄ» አለች።

ክዳኑ ጧ አለ። ወንድሜ ሹራቡን አጥፎ ሻንጣው ውስጥ ከተተ።