ሳህኑ ለምን ወደ ቀኝ ሄደ?

ዘጠነኛ ክፍል ገብቼም ልጅነቱ አልለቀቀኝም ነበርና፣ መካነ ሰላም ላይ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ተረት ለመስማት ከአያቴ ከሼህ ይማም የከሰል ማንደጃ አጠገብ እቀመጥ ነበር። ጎረቤቴና የክፍል ጓደኛዬ ራህመትም አትቀርም። ያን ቀን ግን ፊቷ ዳምኖ መጣች።

ጠዋት የሒሳብ መምህራችን የኳድራቲክ ግራፍ ሲያስተምረን፣ «ኤክስ ማይነስ ሦስት በቅንፍ፣ ስኩዌር! ማይነስ ካለ ግራፉ ወደ ቀኝ፣ ፕላስ ካለ ወደ ግራ! በቃላችሁ ያዙት!» እያለ ያስጮኸን ነበር። ራህመት እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ማይነስ ሆኖ ለምን ወደ ቀኝ ይሄዳል?»

ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ ከላይ እስከ ታች አያት። «አንቺ ለምን ለምን ስትዪ ባል ያመልጥሻል» አለና ከጥርሱ ያወጣውን መሬት ላይ ተፋው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔን ግን ፊቴ ላይ የተፋ ያህል ዘገነነኝ። ስንወጣ ራህመት «ከነገ ጀምሮ አልመጣም» አለችኝ።

ማታ አያቴ አገር ለቆ ስለሄደ ጅብ ሲተርቱልን፣ ራህመት ሳታስበው «ለምን ሄደ፣ አባባ?» አለችና አፏን በእጇ ከደነች።

«ጠይቂ እንጂ ልጄ! ምነው ደነገጥሽ?»

የሆነውን ስትነግራቸው ፊታቸው ተኮሳተረ። «አስተግፊሩላህ! ይህም አስተማሪ ተባለ? እኔ ሒሳቡን አላውቀውም። ግን እንደ ተረት አድርገሽ ንገሪኝ፤ ዛሬ ሰሚው እኔ ነኝ።»

ያኔ ራህመት የጠፋ ከሰል አንስታ፣ በኩራዙ ብርሃን ካርቶን ላይ መሣል ጀመረች። «ይኸውልዎ አባባ፣ ግራፉ ሳህን ይመስላል። ታቹ ይህን አግድም መስመር የሚነካው ቅንፉ ውስጥ ያለው ዜሮ ሲሆን ነው። ሦስት ሲቀነስበት ዜሮ የሚሆነው ደግሞ…» በከሰሉ ከዜሮ ተነስታ መስመሩ ላይ ቆጠረች። «ራሱ ሦስት ነዋ! ሦስት ያለው ከዜሮ በስተቀኝ ነው! ለዚህ ነው ሳህኑ ወደ ቀኝ የሄደው!»

«ማሻአላህ!» አሉ አያቴ፤ ጅቡም በዚያው ተረሳ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት መጣች፤ ሰሌዳው ላይም ሣለችው። መምህሩ መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ሥዕሏን ጠረገው። «ፈተና ላይ አይመጣም፤ ተቀመጪ!» አላት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ፣ በቀጭኑ ግድግዳ በኩል ድምፁ ከጎረቤት ክፍል ሲመጣ ሰማን፦ «ሳህን አስቡ፣ ሳህን! የራሴ ዘዴ ነው!»

እኔ «የራህመት ነው!» ብዬ ልጮህ ደረስኩ። ራህመት ግን፣ «ተወው፣ እነሱስ ይግባቸው» ብላ ወደ ደብተሯ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን «አልመጣም» አላለችም።

ዛሬም «ለምን» ሲባል የሚያላግጥ ሰው ባየሁ ቁጥር ያ መምህር ትዝ ይለኛል። እሷ አሁን ወረኢሉ ሒሳብ ታስተምራለች። ያን ሰው ሳነሳባት ግንባሯን ቋጥራ ትንሽ ታስብና፣ «የቱ ቲቸር?» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው፣ ረስታዋለች።