በቦዩ ዳር የምታፏጨው ሴት

በእንግሊዝ አገር፣ በአንዲት የላንካሻየር ከተማ የጥጥ ፋብሪካዎቹ ከተዘጉ ወዲህ በቦዩ ላይ የከሰል ጀልባ አያልፍም፤ ያለው ዳክዬ ብቻ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ግን አንዲት የማትታወቅ አሮጊት የወንድ ቆብ ደፍታ ትመጣና ከውሃው ዳር ተቀምጣ ታፏጫለች። ፉጨቱ የሟቹ ጀልበኛ የክላረንስ ነው። ሚስቱ ሙሪኤል በመስኮቷ ስትሰማ ከረመች። ዛሬ ቅናቱ አላስቀምጥ ሲላት ወረደች።

«ይህን ፉጨት ማን አስተማረዎት?»

«አንድ ጀልበኛ ነዋ! ቤት ውስጥ ማፏጨት ክልክል ነው እያለ እዚህ እየመጣ እስኪወጣለት ያፏጭ ነበር።»

የሙሪኤል ፊት ጋለ። የከለከለችው እሷው ራሷ ነበረች፤ ዜማውንም አንድ ቀን እስከ መጨረሻው አስፏጭታው አታውቅም። «ሚስቱ እኔ ነኝ» ልትል ብላ ተወችውና ከሴትዮዋ ጎን ቁጭ አለች።

«እስቲ ይጨርሱት» አለቻት።