አክስቴ ሳያነቡት የቀረው ወረቀት

አክስቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ዶሮ ማነቂያ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል አማርኛ ያስተምሩ ነበር፤ እኔንም አስተምረውኛል። ታሪክ ሲያነቡልን መሃል ላይ መጽሐፉን ይዘጉና፣ «ቀሪውን እናንተ ጻፉት» ይሉን ነበር።

አንድ ቀን እናቷ አትክልት ተራ ሄዳ ስለቀረችባት ልጅ አነበቡልን። እኔ፣ «እናቷ አመሻሽ ላይ ተመለሰች» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፌ ሲነበብ አንዱ ልጅ፣ «የራሱ እናት ሞታ የለም እንዴ!» ብሎ ሳቀ። እናቴ በክረምቱ ነበር የሞተችው።

«ዝም በል! በሱ ወረቀት ላይ ትመለስ» አሉት አክስቴ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ብዙ ቆዩ። እናቴ የሳቸው እህት ነበረች።

ከሠልስታቸው በኋላ ዕቃቸውን ልወስድ ያስተምሩበት ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቻቸው የታሪኩን ቀሪ የጻፉበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እንደተከመረ ነው። አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ «ጋሼ፣ ቲቸር የኛን ሳያነቡልን ነው የሄዱት» አለችኝ።

ወንበራቸው ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ቆሜ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። የመጨረሻውን አስቀመጥኩ።

«እሳቸው ሲያነቡ ያስቅ ነበር» አለች ልጅቷ።