ሞዴሉ የመነጠረው ደን

ሐሙስ፣ ማለዳ

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ከኮምፒውተር ጋር ተጣልቼ ነው ብል ይቀላል። ከሳተላይት ምስል ተነስቶ ደን የት እንደጨመረ፣ የት እንደቀነሰ የሚናገር ሞዴል ሠርተናል። እሱም ከቀየት ከተማ ወዲያ ያለ የአንድ ደብር ደን ጠፍቷል አለ። እውነት ከሆነ ደብሩ ወረዳው ደን ለሚጠብቁ አድባራት ከሚሰጠው የአጥርና የችግኝ እርዳታ ይሰረዛል። የእኔ ሥራ ሄዶ በዓይን ማየት ነው።

መንገዱ ዝናብ የበላው ነው፤ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ተያይዘን ወደ ፊት እንሄዳለን። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት የለበሱትን የሱፍ ባና ጫፍ አካፈሉኝና ደን ለማየት ይህን ያህል መምጣቴን ሲሰሙ ከልባቸው ሳቁ።

ቀትር

ከቀየት ሁለት ሰዓት በእግር ሄድኩ። ዳገቱን ስጨርስ ጽዱና ወይራው ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። አጀብ ነው! ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ባዶ ሣር ይላል።

የደብሩን አስተዳዳሪ መምሬ ጌታነህን ደጁ ላይ አገኘኋቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ወሬው ቀድሞኝ ኖሯል፤ ዛፉን ሸጠው በሉ ተብለው ታምተዋል። እዚህ የደረቀ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ እንኳ ሰበካ ጉባኤ ይሰበሰባል። ከዚያ ትኩር ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ አንተን አውቅሃለሁ። አምና ያቺን ስልክ ይዘህ እዚሁ ቆመህ ሄድክ። ግባ ብልህ ቁርስ በልቻለሁ አልከኝ።»

ክው አልኩ። አምና ስንቱን ደብር ስዞር ከርሜ ይሄኛውን ረስቼው ነበር። እህል ቀምሼ ቅጥሩን አላልፍም ብዬ፣ ደጁን ተሳልሜ፣ ሞዴሉ የሚማርበትን የቦታ ምልክት፣ ነጥብ የምንለውን፣ ከውጭ ነበር የወሰድኩት። ስልኬ ላይ የምሞላው ቅጽ የቆምክበት ምንድን ነው ይላል፤ የቆምኩት ሣር ላይ ነው። በደብሩ ስም «ሣር» ብዬ ላክሁ። ሞዴሉ ያስተማርኩትን ተናገረ እንጂ ምን አጠፋ? ደኑን የመነጠርኩት እኔ ነኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ አባቴ?»

«ነገ ሳትበላ ና።»

ዓርብ

ውኃ እንኳ ሳልቀምስ ገባሁ። መምሬ እየመሩኝ ከጽድ ወደ ወይራ፣ ከወይራ ወደ ኮሶ ነጥብ ስወስድ ዋልኩ። ሆዴ ይጮኻል። እሳቸው ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ፣ ይሄንንም ጻፍ ይሉኛል። ከታሙ ወዲህ ሲስቁ ያያቸው የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሰኞ፣ ደብረ ብርሃን

ለወረዳው ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ በስሜ ጻፍኩ። ሞዴሉን ስንፈትን ስሌቱን እንጂ ማን የት ቆሞ እንዳስተማረው ጠይቀን አናውቅም። ስለዚህ የግሼና የመርሐቤቴ ወረዳዎችን ነጥብ የሰበሰቡትን ሁለት ባልደረቦቼን፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ጋ ስትደርሱ የት ነበር የቆማችሁት አልኳቸው።

«ከደጁ ውጭ፣ ሣሩ ላይ» አሉ ሁለቱም። እነሱም ቁርሳቸውን በልተው ነበር የሚሄዱት።