ውሃ የሚጠጣው ብረት

የመመረቂያ ጽሑፌ ሰባ ስምንት ገጽ ነበር፤ ያለውም አንድ ቦታ ብቻ፣ ከአዲስ አበባ ባስመጣሁት አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። በክረምት ኮርስ ለዲግሪ ስደርስ ዕድሜዬ አርባን ተጠግቶ ስለነበር ጽሑፉ ቢጠፋ እንደገና የምጀምርበት ጉልበት የሚኖረኝ አልመሰለኝም።

ደብረ ማርቆስ ላይ የሚያስፈራው መብራት ሄዶ የሚመለስበት ሰዓት ነው። እንደ ተቆጣ ሰው በሩን በርግዶ ይገባል። የጎረቤቴን ቴሌቪዥን የገደለው እንዲያ አድርጎ ነው።

ስለዚህ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ያለው መከላከያ ገዛሁ። ሻጩ ይህን የሰካ ሰው መብረቅም አይደፍረውም አለኝ። እኔ ግን ካርቶኑ ውስጥ የታጠፈችውን ወረቀት እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ከታች፣ በጥቃቅን ፊደል፣ ትርፉን ኃይል ወደ አፈር የሚያወርድ የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት ዕቃው በሚገባ እንደማይሠራ ይላል። የእኔ ጭቃ ቤት የመሬት ሽቦ ቀርቶ ቀጥ ያለ ግድግዳ አልነበረውም።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራሁ። ከቁመቴ የሚበልጥ ብረት ጓሮ ቀብሮ፣ ጫፉን ስንዝር ያህል ብቅ አድርጎ ሽቦ አሰረለት። በበጋ መሬቱ ሲደርቅ ብረቱ ሥራ ስለሚፈታ ጨው የገባበት ውሃ አጠጪው አለኝ። በየስንት ጊዜው ብዬ ጠየቅሁት። አስቦበት የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ጠዋት ጠዋት አለ። እኔም ጠዋት ጠዋት አጠጣሁ።

ዐቢይ ጾም ነበር። ነጠላዬን እንደተከናነብኩ በጣሳ የጨው ውሃ ይዤ ስጎነበስ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት ሴቶች ከአጥሩ ወዲያ ያዩኛል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ንስሐ አባቴ ጋ ደረሰ። መስቀላቸውንና አንድ ጀሪካን ጠበል ይዘው መጡ።

"ልጄ፣ ለብረት ትገብሪያለሽ ይባላል።"

ወረቀቱን አምጥቼ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ጥቃቅኑን ፊደል ጭምር በትዕግሥት ሰሙኝና አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"ኮምፒውተሩን ብትነቅዪውሳ?"

"ያን ጊዜማ ምን ያገኘዋል፣ አባቴ።"

"እንግዲያው ንቀዪው።"

ሰው ስላሰናከልኩ ቀኖና ሰጡኝ፤ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ኮምፒውተሩን ነቅዬ፣ እስኪያልፍ ድረስ አባታችን ሆይ እንድደግም። ብረቱን ማጠጣት አልከለከሉኝም። ጠበሉን ግን ለእኔም ለብረቱም ረጩልን።

በግንቦት ወር አንድ ቀን ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ኮምፒውተሩን ነቀልኩ። ቀኖናው ስለ መከላከያው ያለው ነገር ስላልነበረ እሱን ግድግዳው ላይ ተውኩት። አምስተኛውን አባታችን ሆይ ሳልጨርስ አንድ ጊዜ ጓ አለ። ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፤ አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። መከላከያው ምንም የሚከላከለው ነገር ሳይኖረው ሞተ።

ጎረቤቴ እየሮጠች መጣች። የጠቆረውን መከላከያ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"አየሽ እቴ፣ አዳነሽ።"

"ኮምፒውተሩ እኮ አልተሰካም ነበር።"

"ተቃጠለ?"

"አልተቃጠለም።"

"እኮ።"

በሳምንቱ እሷም ከዚያው ሻጭ ገዛች።

ለንስሐ አባቴ ነገሩን ስነግራቸው፣ አላልኩሽም እንዲሉኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን የብረቱን ርዝመት ጠየቁኝ። ለካ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ያሳስባቸው ኖሯል፤ በቅዳሴ መካከል ንቀሉት አይባልም። ያንኑ ሠራተኛ ጠራሁላቸው፤ ደወል ቤቱ አጠገብ ብረት ተቀበረ። ማጠጣቱን ልምድ አላት ብለው ለእኔ ሰጡኝ፤ ጠዋት ጠዋት።

ሰባ ስምንቱን ገጽ ላሳትም ኮምፒውተሩን በጋሪ ጭኜ የወጣሁት በሰኔ ነው። ዝናቡ ገብቶ መሬቱ ረስርሷል። ትእዛዙ ግን ስለ ዝናብ የሚለው አልነበረም። ኮምፒውተሩን በላስቲክ ሸፍኜ ጋሪውን ከቤተ ክርስቲያኑ በር አቆምኩና፣ ዣንጥላዬን እንደያዝኩ ደወል ቤቱ ሥር ጎንበስ ብዬ ብረቱን አጠጣሁ።

ያኔ በአጥሬ ያዩኝ ሴቶች ሲያልፉ ቆሙ። ወደ ብረቱ ዞረው ተሳለሙ።