ጣፋጭ የጠሉ በረሮዎች

ሴትዮዋ በረሮ ስትገድል አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። የምትሠራበት ድርጅት ትልልቅ ኩሽናዎችን ከተባይ ያጸዳል፤ እሷም ጠዋት ጠዋት አብሳዮቹ ሳይመጡ ትገባና ከምድጃው ጀርባ፣ ከማቀዝቀዣው ሥር፣ ከቧንቧው ዙሪያ በደረቷ እየተሳበች መድኃኒት ታስቀምጣለች። መድኃኒቱ ማር የመሰለ ቡናማ ቅባት ነው። በጣፋጭ የተለወሰ መርዝ ስለሆነ በረሮ ይወደዋል፤ ልሶ ይሄድና ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይሞታል። ጉልበቷ አብጧል፣ ወገቧም አንዴ ከታጠፈ በቀላሉ አይቃናም። ባልደረቦቿ “ጎንበስ” ይሏታል። ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውስ ከመካከላቸው ይኑር አይኑር እሷም እንጃ።

የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነው። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ዓይኑ እየደከመ ሄዶ አሁን ብርሃንና ጥላ ቢለይ ነው። “ጋሼ” ነው የምትለው።

ነገሩ የመጣው በአንድ የተማሪዎች መኖሪያ ኩሽና ነው። አስራ ሁለት ዓመት ስትመላለስበት አንድም ቀን አስቸግሯት አያውቅም። ያን ሰሞን ግን ያስቀመጠችው ቅባት ሳይነካ ደርቆ ታገኘው ጀመር። በረሮዎቹ እንደሆነ ሞልተዋል፤ መብራቱን ስታበራ ግድግዳው የሚሄድ ይመስላል። መጠኑን ጨመረች፣ ምንም። ቦታውን ለዋወጠች፣ ምንም።

የኩሽናው ኃላፊ ቁጡ ሴት ናት። አንድ ጠዋት በሩ ላይ እጇን አጣምራ ጠበቀቻት።

“ስሚ፣ መድኃኒቱን በውሃ እያቀጠንሽው ነው ወይስ ሌላ ቦታ እየቸበቸብሽው ነው? ትናንት ሾርባ ውስጥ በረሮ ወጣብኝ። ሾርባ ውስጥ!”

“እትዬ፣ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው የማስቀምጠው።”

“እንግዲያው በረሮዎቹ ወደውሻል ማለት ነዋ! ያንቺ እንግዶች ናቸው።”

አቤቱታው ድርጅቱ ዘንድ ደረሰ። አለቃዋ ልጇ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ዓይኗን ሳያይ፣ “ነገሩ እስኪጣራ ቤትዎ ይረፉ” አላት። ስንት ዓመት የተመኘችው ዕረፍት በዚህ መልክ መጣ። ቤቷ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበራትም።

“ለመዱት ጋሼ” አለችው። “መድኃኒቱን ለመዱትና አሁን አይነካቸውም።”

“ማን ነው የለመደው?” አለ ወንድሟ። “የላሰው ሁሉ ሞቷል። የሞተ ምን ይለምዳል?”

“ታዲያ ምን ሆነው ነው?”

“እኔ ምን አውቃለሁ። ሲያዩት ነው የሚሸሹት ወይስ ቀምሰው?”

ያን ሁሉ ዓመት ስትገድል አንድም ቀን ቁጭ ብላ ሲበሉ አይታቸው አታውቅም።

የዚያ ኩሽና ዕቃ አጣቢ አዝናላት ሠላሳ የሚሆኑ በረሮዎች በጠርሙስ ይዛላት መጣች። ወንድሟ ደግሞ መድኃኒት ነክቷቸው የማያውቁ በረሮዎች ያስፈልጋሉ አለ። ጎረቤታቸው ጫማ ሠሪው ቤት እንዲህ ያሉት ሞልተዋል።

“ምን ልታደርጊያቸው ነው?” አላት ጫማ ሠሪው።

“ምሳ ልጋብዛቸው።”

ሁለቱን ጠርሙሶች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። በየጠርሙሱ ሁለት ክዳን አስገባች፤ በአንደኛው ማርማላታ፣ በሌላው በዘይት የተለወሰ የተፈጨ ድንች። በጥቁር ጨርቅ ሸፍና ቆየችና ቀስ ብላ ገለጠችው።

“ንገሪኝ እንጂ” አለ ወንድሟ፣ ወደ ጠርሙሶቹ አንገቱን አስግጎ።

“የጫማ ሠሪው ማርማላታው ላይ ተረባርበዋል። የኩሽናዎቹ ድንቹ ላይ ናቸው። አንዷ ወደ ማርማላታው ሄደች… ቀመሰችው። ጋሼ! ወደ ኋላ ዘለለች። አፏን እየጠረገች ነው።”

“ይመርራታል” አለ። ድምፁ ተቀየረ። “ለነዚህ ጣፋጭ መራራ ነው።”

ሴትዮዋ ግን ግትር ናት። “ሌሎቹ ሲሞቱ አይተው ተምረው ቢሆንስ?”

“እንግዲያው ምንም ያላየ ጠይቂ።”

ከኩሽናዎቹ አንዷ የእንቁላል ከረጢቷን ከኋላዋ አንጠልጥላ ትሄድ ነበር። ለብቻዋ ጠርሙስ ሰጠቻት። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጫጩቶች ፈሉ። መርዝ ቀርቶ ከዚያ ጠርሙስ ውጭ ያለውን ዓለም አላዩም። ማርማላታውን ቀመስ እያደረጉ ሸሹት፤ ድንቹን ግን ከበቡት።

“ማን ነገራቸው?” አለች በሹክሹክታ።

“ማንም። ሲወለዱ ይዘውት መጡ።” ወንድሟ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። “ድሮ ከብዙ ሺህ በረሮ መሃል ጣፋጭ የሚመርራቸው አንድ ሁለት ይወለዱ ነበር። እንዲሁ በአጋጣሚ፣ አንዳንድ ሰው ግራኝ ሆኖ እንደሚወለደው። ሌሎቹ ስኳር ሲበሉ እነሱ ጾማቸውን ያድሩና ብዙም ሳይወልዱ ይቀራሉ። ኋላ አንቺ መጣሽና ስኳሩን መርዝ አደረግሽው። ጣፋጭ ወዳዱ አለቀ። ቤቱ ለነዚያ ለከሲታዎቹ ቀረ፤ እነሱ ወለዱ፣ ልጆቻቸው ወለዱ። አንድ በረሮ እንኳ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚተርፈው ነው።”

“ስለዚህ አስራ ሁለት ዓመት ሳረባቸው ነው የኖርኩት?”

“ስትመርጪያቸው።”

ሳቀች፤ ሳቁ ግን እንደ ሳል ነበር። እሱም፣ “ይህን ትምህርት ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ይፈተናሉ፣ ይረሱታል። በመጨረሻ እኔም ደከመኝና እንደ ጸሎት በቃሌ መድገም ጀመርኩ። ዛሬ ቤቴ ሲመጣ ደግሞ ዓይን የለኝ” አለ።

በማግስቱ ጠርሙሶቹን በዘንቢል ይዛ አለቃዋ ቢሮ ገባች። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍትሮ ተነሣ።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ውሃ አልጨመርኩም። ይዩት።”

ቆሞ አየ። ጨርቁን ሁለት ጊዜ አስገለጣት። በሳምንቱ ጣፋጭ የሌለበት ሌላ ቅባት መጣ፤ እሷም ወደዚያው ኩሽና ተመለሰች። በአስረኛው ቀን አጣቢዋ የሞቱትን በመጥረጊያ ሰብስባ አሳየቻት። ኃላፊዋ ይቅርታ አላለችም፤ ብቻ ሴትዮዋ ጉልበቷን ይዛ ስትነሣ አየቻትና በእግሯ በርጩማ ገፋ አድርጋ አቀረበችላት።

ለአለቃዋ በዚህም መድኃኒት ለረጅም ጊዜ መቆየት እንደማይገባ ነገረችው። ሲቀያየር ይሻላል፤ ስንጥቁ ይደፈን፣ የወደቀው ፍርፋሪና የፈሰሰው ዘይት በየቀኑ ይጠረግ። አለበለዚያ ይህንንም የሚጠላ ከመካከላቸው አይጠፋም። ወጣቱ ሁሉንም ወረቀት ላይ ጻፈ። “እንዲህ የሚያውቅ ሰው የለንም” አለና ሁለት ኩሽና ጨመረባት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቷ ስትደርስ ለወንድሟ ይህንኑ ነገረችው። ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷ ከነጫማዋ አልጋው ላይ ተዘረረች። ሳቁ ሲበርድለት በእጁ እየዳሰሰ መጣ፤ እግሯን አገኘ፤ የጫማዋን ማሰሪያ ፈለገና ቋጠሮውን ቀስ ብሎ ይፈታ ጀመር።

“ተይ፣ አትነሺ” አላት።